በረግረግ ላይ የሚሄድ ሞገድ

በኅዳር ከወረታ ወደ ጣና ዳር፣ በፎገራ ሜዳ ወደ ናበጋና ዋገጠራ በኩል ሲወርዱ የሩዙ ማሳ ቢጫ ሆኖ ይጠብቃል። ማማው ላይ የተቀመጠ ወፍ ጠባቂ ወንጭፉን ከጎኑ አኑሮ ትንሽ ሬዲዮ በእጁ ያዞራል። ወዲያ ሲያዞራት ድምፁ ይደክማል፤ ወዲህ ሲመልሳት ይጠራል። የሬዲዮዋ ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ደግሞ አውጥቶ ፀሐይ ያስመታዋል።

ማዞሩ የልማድ ብቻ አይደለም። በሬዲዮዋ ሆድ ውስጥ በቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመ ጥቁር ዘንግ አለ፤ መካከለኛ ሞገድን የሚይዘው እሱ ነው። የዘንጉ ጫፍ ወደ ማሰራጫው ሲያመለክት ድምፁ ሊጠፋ ይቃረባል፤ ጎኑን ሲሰጥ ይጎላል። ስለዚህ ጠባቂው ሳያውቀው ማሰራጫው ያለበትን የባሕር ዳርን አቅጣጫ እየለካ ነው።

የአማራ ክልል መገናኛ ብዙኃን ባሕር ዳር ላይ የተነሣው በጋዜጣ ነው። በኵር ታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ታተመች፤ ሬዲዮው በ1989 ዓ.ም. ተከተለ፤ ከዚያ ቴሌቪዥኑ መጣ። ተቋሙ ዛሬ አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን፣ ባጭሩ አሚኮ ነው። ሬዲዮው ለረጅም ዓመታት የታወቀው በመካከለኛ ሞገድ 801 ኪሎ ኸርዝና በአጭር ሞገድ 6090 ኪሎ ኸርዝ ነው። አጭር ሞገዱ የተላከበት ገጃ፣ አዲስ አበባ አጠገብ ያለው የማሰራጫ ስፍራ፣ የራሱ ታሪክ አለው፤ በ1955 ዓ.ም. የተመረቀው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ማሰራጫውን የተከለው እዚያ ነበር። ጣቢያውን ደርግ በ1969 ዓ.ም. ወረሰው። ከዚያም ወደ ኋላ ከሄድን የኢትዮጵያ ሬዲዮ መነሻ አቃቂ ነው፤ የጣሊያኑ አንሳልዶ የሠራው ጣቢያ በጥር 1927 ዓ.ም. ተመረቀ። ቴሌቪዥን የመጣው ሠላሳ ዓመት ግድም ቆይቶ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው።

ለፎገራ ግን ዋናው 801 ነው። ይህ ሞገድ በሰከንድ 801,000 ጊዜ ይርገበገባል፤ የአንዱ ርዝመት 374 ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ያለውን ሞገድ ለመላክ ምሰሶው ራሱ አንቴና ይሆናል፤ የሞገዱ ሩብ 94 ሜትር ገደማ ስለሆነም መካከለኛ ሞገድ ያለበት ስፍራ ሁሉ ምሰሶው ከሩቅ ይታያል። ሰው የማያየው ግማሹ ከመሬት በታች ነው፤ ከምሰሶው ሥር ብዙ የመዳብ ሽቦ እንደ ፀሐይ ጨረር ተዘርግቶ ይቀበራል። ያ ሽቦ ከሌለ ኃይሉ አፈሩን እያሞቀ ይቀራል።

ከምሰሶው የወጣው ሞገድ ቀን ቀን መሬት ለመሬት ይሄዳል። ደረቅና ድንጋያማ መሬት ቶሎ ይውጠዋል፤ እርጥብ የሸክላ አፈር ግን ያሳልፈዋል። የፎገራ ሜዳ ደግሞ ርብና ጉማራ ያመጡት ጥቁር ጭቃ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ተኝቶበት ይከርማል። ገበሬውን መንገድ የሚነሣው፣ በሬውን የሚያሰምጠው ረግረግ ለመካከለኛ ሞገድ ጥሩ መንገድ ነው። ይህን ሳውቅ ሜዳውን የማይበት ዓይን ተለወጠ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወንዞቹ ሞልተው ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ሲፈናቀል ያየ ሰው፣ ጋዜጣ የማይደርስበት ቀበሌ ድምፅ እንደሚደርሰው ማወቁ ትልቅ ነገር ነው።

ኤፍ ኤም ከዚህ የተለየ ነው። የባሕር ዳሩ ኤፍ ኤም 96.9 የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ድምፁ ጥርት ያለ፣ ዘፈን የሚያምርበት፤ ነገር ግን ከአንቴናው እይታ ብዙም አይርቅም፤ ተራራ ሲጋርደው ይቆማል። ለዚህም ነው ኤፍ ኤም ከተማ ለከተማ መተከል ያለበት። መካከለኛ ሞገድ በበኩሉ መብራት ይበላል፤ የጀርመኑ ሬዲዮ ዶይችላንድፉንክ በዚህ ሞገድ ማሰራጨቱን እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ አቁሟል። እኔ ግን የፎገራን ሜዳ ከበርሊን ጋር አልመዝነውም። ዲሽ ያለው ቤት ዲሹን ይይ፤ ማማ ላይ የሚያድረው ሰው ያለው ሁለት ድንጋይ ነው።

ፀሐይ ጣና ውስጥ ስትገባ ነገሩ ይለወጣል። ቀን ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሞገዱን የሚውጠው የአየር ንብርብር ይሳሳል፤ ወደ ሰማይ የወጣው ሞገድ ከዚያ በላይ ካለው ንብርብር ነጥሮ መቶ መቶ ኪሎ ሜትሮችን አልፎ ይወርዳል። ያኔ ከሱዳን፣ ከዐረብ አገር የተላከ ድምፅ ፎገራ ላይ ይደርሳል፤ ማማው ላይ ያለው ሰው ዐረብኛ ከአማርኛ ጋር ሲቀላቀልበት ሬዲዮዋን እንደገና ወደ ባሕር ዳር ያዞራታል።