ሊኑክስ ከታደሰ በኋላ ዋይፋይ ሲቆራረጥ ምን ማድረግ ይቻላል?

ታይዋን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች በብዛት ከሚሸጡባቸው የድሬዳዋ ገበያዎች አንዱ ነው። ከዚያ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ሊኑክስ ለሚጭን ሰው ሥርዓቱ የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅበትና በአሮጌ ማሽን ላይም የሚሠራ በመሆኑ ተመራጭ ነው። ሆኖም ኮምፒውተሩ ታድሶ እንደገና ሲነሳ፣ ትናንት ደህና የነበረው ዋይፋይ ሊቆራረጥ ወይም ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። በዚህ ጊዜ ዲስኩን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ሰነድን ያስከፍላል፤ አዲስ የዋይፋይ ካርድ መግዛት ደግሞ ገንዘብን።

ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ከርነል በኮምፒውተሩ አካላትና በፕሮግራሞቹ መካከል የሚሠራ የሥርዓቱ እምብርት ነው። ዋይፋዩን የሚያንቀሳቅሰው ድራይቨር በአብዛኛው የሚመጣው ከከርነሉ ጋር ስለሆነ፣ ከርነሉ ሲታደስ ድራይቨሩም ይለወጣል። እንደ አንዳንድ የብሮድኮም ቺፖች ድራይቨራቸው ለብቻ የሚጫን ከሆነ ግን ለአዲሱ ከርነል እንደገና መዘጋጀት አለበት፤ ካልተዘጋጀ ዋይፋዩ አይታይም። የሪልቴክ ቺፕ ባላቸው ማሽኖችም ተመሳሳይ ችግር ያጋጥማል። የዚህ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኘው፣ ከገበያው ጋር ስም በምትጋራው በታይዋን ደሴት ነው።

በቅድሚያ ስልክን ከዚያው ዋይፋይ ጋር አገናኝቶ ማየት ያስፈልጋል። ስልኩም የሚቆራረጥ ከሆነ ጥፋቱ ከራውተሩ ወይም ከመስመሩ ነው፤ ላፕቶፑን መነካካት ትርፉ ድካም ብቻ ይሆናል።

ስልኩ በደህና ከሠራ ቁልፉ ፈተና የቀድሞው ከርነል ነው። ኡቡንቱ አዲስ ከርነል ሲጭን የቀድሞውን ወዲያው አያጠፋም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሺፍት ወይም የኢስኬፕ ቁልፍ ሲጫኑ ዝርዝር ይመጣል፤ በተጨማሪ አማራጮች ሥር ዝቅተኛ ቁጥር ያለውን ከርነል መምረጥ ይቻላል። ዋይፋዩ በዚያ ላይ ከተስተካከለ መንስኤው ዝማኔው መሆኑ ታወቀ ማለት ነው። ማስተካከያ እስኪወጣ ድረስ በቀድሞው መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን የደኅንነት ጥገናዎች የሚመጡት ከአዲሱ ጋር ስለሆነ ለወራት እንዲያው መቆየት አይመከርም።

ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ የለም። መፍትሔው ስልክን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ የሞባይል ዳታውን ማጋራት ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሙከራ አገልግሎቱን በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የጀመረው በድሬዳዋ በመሆኑ፣ የከተማዋ ነዋሪ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ አማራጭ አለው። ከዚያ በኋላ በኡቡንቱ የተጨማሪ ድራይቨሮች መስኮት ውስጥ ለቺፑ የቀረበ ድራይቨር መኖሩን ማየት ነው።

ዋይፋዩ እየታየ ሥራ ሲፈታ ብቻ የሚቋረጥ ከሆነ ደግሞ የኃይል ቁጠባው ሊጠረጠር ይገባል። ቁጠባውን በኔትወርክ ማኔጀር ቅንብር ውስጥ ማጥፋት ይቻላል፤ ባትሪው ግን ትንሽ ቶሎ ያልቃል። ዊንዶውስም አብሮ የተጫነበት ላፕቶፕ ከሆነ፣ የዊንዶውሱን ፈጣን አነሳስ አጥፍቶ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ መዝጋት አንዳንዴ ብቻውን ይበቃል።