አልታዘዝ ብሎ ነው ወይስ ሳይሰማ ቀርቶ?

በመድረሳም ሆነ በመደበኛው ትምህርት ቤት አንድ ዓይነት ልጅ አይጠፋም። ሲጠሩት አይዞርም፤ «ምን?» ማለት ያበዛል፤ ሲቀራ «ሲን»ን ከ«ሺን» ይቀላቅላል። እቤት ሲገባ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ካልጮኸ አይጥመውም። ብዙዎቻችን «ልበ ቢስ» እያልን እንቆጣዋለን። ውድ ወላጆች! ከቁጣው በፊት ጆሮው ይመርመር።

የመስማት ችግር መነሻው ብዙ ነው። የኩክ መደፈን ወይም ከጉንፋን በኋላ ከታምቡር ጀርባ የሚቋጥር ፈሳሽ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ቀላሉ ነው። ሳይታከም የቆየ የጆሮ መምገል፣ ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝና እንደ ጄንታማይሲን ያሉ አንዳንድ መርፌዎች ግን ዘላቂ ጉዳት ሊያደርሱ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 በመቶ የሚጠጋውን መከላከል ይቻላል።

ታዲያ በየቤታችን የምናደርገው ምንድን ነው? ጤና አዳም እንጨምቃለን፤ ነጭ ሽንኩርት እንወቅጣለን፤ የጥቁር አዝሙድ ዘይት አሙቀን እናንጠባጥባለን። ጥቁር አዝሙድ በሐዲስ መወደሱ እውነት ነው። ይህ ማለት ግን በተቀደደ ታምቡር ውስጥ ይፍሰስ ማለት አይደለም! ታምቡሩ ከተቀደደ የሚጨመረው ፈሳሽ ወደ ውስጥ ዘልቆ ሕመሙን ሊያባብስ ይችላል። መቀደድ አለመቀደዱን የሚያውቀው ደግሞ በመሣሪያ ያየ ባለሙያ ነው።

ኩክም ቢሆን ቆሻሻ አይደለም፤ አቧራን ይዞ ቀስ በቀስ ራሱ ወደ ውጭ ይወጣል። ክብሪት፣ የጸጉር ሽቦና በጥጥ የተጠቀለለ እንጨት ወደ ውስጥ ይገፉታል፤ ታምቡርም ሊቀዱ ይችላሉ። ለውዱእ ጆሮን በእርጥብ ጣት ማበስ እንጂ ውሃ ማፍሰስ አያስፈልግም። ጆሮው የሚመግል ሰው ገላውን ሲታጠብ ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ በጆሮው አፍ ላይ ያድርግ፤ ዋናም ይቅርበት።

ወጣቶች ሆይ! በጆሮ ማዳመጫ የምትሰሙትን ድምፅ ቀንሱ፤ በየመሐሉም ጆሯችሁን አሳርፉ። በከፍተኛ ድምፅ የተጎዱ የውስጠኛው ጆሮ ሕዋሳት ከሞቱ አይተኩም፤ የሚመልሳቸው ጠብታም ሆነ ቅጠል የለም።

አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ ነገ ዛሬ ሳይባል ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል፤ ሕክምናው የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ሐኪም የመስሚያ መሣሪያ ያዘዘለትን ልጅም «ሰው ምን ይላል» ብለን አንከልክለው። መነጽር ካላሳፈረ እርሱ ለምን ያሳፍራል? እስከዚያው መምህሩ ከፊት ያስቀምጠው፤ ፊቱን እያየም ያናግረው።

ጆሮ የአላህ አማና ነው። አማናውን በአግባቡ ከሚጠብቁት ያድርገን፤ አሚን።