ተጨማሪ መረጃ፦ በጫማ ማስቲሽ ውስጥ ያለው ሄክሴን

ጫማ ሰሪዎች ሶል በሚለጥፉባቸው አንዳንድ ማስቲሾች ውስጥ ሄክሴን የሚባል አሟሚ አለ። የሚፈላው በ69 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ በክፍል ሙቀትም በፍጥነት ይተናል፤ ማስቲሹ ቶሎ የሚደርቀው ለዚህ ነው። ጣጣውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ትነቱ ለወራት ሲተነፈስ ሰውነት ወደ ሌላ ውህድ ይለውጠዋል፤ ነርቭን የሚጎዳው በዋናነት ይኸው ውህድ ነው። መጀመሪያ የእግርና የእጅ ጣቶች ይደነዝዛሉ፤ ቆይቶ ጡንቻ ይዝላል፣ መራመድም ያስቸግራል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጃፓን ሰንደል ጫማ በሚሠሩ ሰዎች ላይ የታየው ይህ ነበር። ሕመሙ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ተራ ድካም ሊመስል ይችላል፤ ክፋቱም ይኸው ነው። በዚያ ላይ ትነቱ ከአየር 3 እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ወለል ለወለል ተጉዞ ራቅ ካለ ምድጃ እሳት ሊይዝ ይችላል። መስኮትና አየር ማስወጫ ይረዳሉ፤ የጨርቅ ጭምብል ግን ትነትን አያግድም።