አሮጌ ሞተር ሳይክል ስንት ኦክቴን ይፈልጋል?

በዋሽንግተን ዲሲና በቨርጂኒያ ማደያዎች አንድ መቅጃ ላይ ሦስት ቁልፍ ተደርድሮ ይታያል፦ 87፣ 89፣ 93። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የተሠራ ሆንዳ አድሶ የሚነዳ ሰው ብዙ ጊዜ ጣቱ ወደ 93ቱ ይሄዳል፤ ላረጀ ሞተር ጥሩ ነገር ይገባዋል በሚል ርኅራኄ። ርኅራኄው ባይከፋም ገንዘቡ በከንቱ ይባክናል።

ኦክቴን የቤንዚን ጉልበት መለኪያ ተደርጎ ይወራል። የሚለካው ግን ቤንዚኑ ሲጨመቅና ሲግል በራሱ ሳይፈነዳ ምን ያህል እንደሚቆይ ነው። ፒስቶኑ ሲወጣ የአየርና የቤንዚኑን ድብልቅ ይጨምቀዋል፤ ካንዴላው ያቀጣጥለዋል፤ እሳቱም ከዚያ ተነሥቶ ወደ ዳር ይስፋፋል። ዳር ያለው ድብልቅ እሳቱ ሳይደርስበት በሙቀትና በግፊት ብዛት በራሱ ከፈነዳ ሞተሩ ያንኳኳል። አራተኛ ማርሽ እንደያዙ ዳገት ላይ ቤንዚን ሲሰጡት ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር የሚንገጫገጭ የሚመስለው ድምፅ ይኸው ነው። ሲደጋገም ፒስቶን እስከ መብሳት ይደርሳል። ለማያንኳኳ ሞተር ከፍ ያለ ኦክቴን የሚጨምርለት ነገር የለም።

መለኪያው ሁለት ፈሳሾች ላይ ቆሟል። ቶሎ የሚፈነዳው ሄፕቴን 0፣ የሚታገሠው ኢሶኦክቴን 100 ተባሉ፤ 95 የተባለ ቤንዚን 95 እጅ ኢሶኦክቴን ካለው ድብልቅ እኩል ይታገሣል ማለት ነው። ፈተናው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሞተሩን በደቂቃ 600፣ ከባዱ ደግሞ 900 ዙር እያሽከረከረ። ጃፓንና አውሮፓ የመጀመሪያውን ውጤት ይጽፋሉ፣ አሜሪካ የሁለቱን አማካይ። ስለዚህ የጃፓን መመሪያ 91 ካለ የአሜሪካው 87 ይበቃዋል። ብዙ የሆንዳ መመሪያዎች ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ፤ አንብቦ የሚቀዳ ጥቂት ነው እንጂ።

ዕድሜ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ መታየት ያለበት የጭመቃው መጠን ነው። የእንግሊዝ ጦር መልእክተኞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የነዱት ቢኤስኤ ኤም 20፣ 5 ለ1 እንኳ አይሞላም፤ የዛሬው ተራ ቤንዚን ይተርፈዋል። በ1969 የወጣው ሆንዳ ሲቢ 750 ደግሞ 9 ለ1 ነው። ወደ 10 የሚጠጉ፣ በተለይ በነፋስ ብቻ የሚቀዘቅዙ ሞተሮች ላይ ሲደርሱ በአውሮፓው አለካክ 95 መፈለግ ተገቢ ነው።

ከኦክቴን ጋር የሚምታታ ሌላ ጉዳይ አለ፤ እርሳስ። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ኦክቴን ለማሳደግ ቤንዚን ውስጥ የእርሳስ ውህድ ይጨመር ነበር፤ ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች በ2006 መባቻ ተላቀቁት። እርሳሱ በጎን የጭስ ማውጫው ቫልቭ የሚያርፍበትን ጠርዝ ከመበላት ይጠብቅ ነበር። ጠርዙ ተበልቶ ቫልቩ የሰመጠ ሞተር 98 ቢቀዱለትም አይድንም፤ ጠንካራ የቫልቭ መቀመጫ ማስገባት ነው የሚያዋጣው።

አዲስ አበባ ላይ ምርጫው ራሱ የለም ማለት ይቻላል፤ የሚቀዳው «ቤንዚን» ነው፣ በቃ። ደግነቱ ከፍታው ያግዛል። 2,400 ሜትር አካባቢ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ስለሚያንስ ሲሊንደሩ የሚስበው አየርም ይቀንሳል፣ የማንኳኳት ዝንባሌውም ይበርዳል። በሮኪ ተራሮች ባሉ የአሜሪካ ግዛቶች 85 የሚል ቤንዚን መሸጥ የተለመደው በካርቡሬተር ዘመን በዚሁ ስሌት ነው።

ይበልጥ የሚያሰጋው መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠው ነው። ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት ኦክቴኑ ክፉኛ ይወርዳል። ጠብ አድርጎ በጣት ማሸት ይረዳል፤ ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ጣትን ደረቅ ያደርጋል፣ ነጭ ጋዝ ያለበት ቅባቱ ይቆያል።

ጥሩ ቤንዚን እየተቀዳለት የሚያንኳኳ ከሆነ ቴስታታውን አውርዶ ማየት ነው። ለዓመታት የተጋገረ ጥላሸት ቦታ እየያዘ ጭመቃውን ከፍ ያደርጋል። ካንዴላው እሳት የሚሰጠው ቀድሞ እንደሆነም ይታይ። ካርቡሬተሩ ለደጋ ተብሎ ቤንዚን ማሳለፊያው በጠባብ ቀዳዳ ተቀይሮለት ከነበረ ደግሞ፣ ወደ አዋሽና ወደ አፋር ሲወርዱ ድብልቁ ስለሚሳሳ ሞተሩ ይግላል፣ ያንኳኳልም፤ ከጉዞው በፊት የፋብሪካውን ቀዳዳ መልሶ መግጠም ያስፈልጋል።