ሕፃናትና የኢንተርኔት ቪዲዮ

ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ያላችሁ ተማሪዎች ነገሩን በቤታችሁ ሳታዩት አትቀሩም። እናት ሽንኩርት እስክታቁላላ ድረስ፣ የሚያለቅሰው ሕፃን ዝም እንዲል የእጅ ስልክ ይሰጠዋል። ይህ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ጥያቄ ላይ ወላጆች አይስማሙም።

አንደኛው ወገን ቪዲዮ ያስተምራል ባይ ነው፤ ለዚህም ፊደል የለየውንና መቁጠር የጀመረውን ልጁን በማስረጃነት ይጠቅሳል። በውጭ አገር የሚኖሩ አንዳንድ ወላጆችም ልጆቻቸው አማርኛ እንዲሰሙ ሲሉ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን የመሰለ ዝግጅት ይከፍቱላቸዋል። ሌላው ወገን ደግሞ ልጁ ሲጠሩት አለመስማቱን፣ ስልኩን ሲቀሙትም መጮኹን ያነሣል።

ይሁን እንጂ የሚፈቅደውና የሚሠጋው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው መሆኑን ልብ በሉ። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ 11 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ካላቸው ወላጆች ከመቶ 80ው ልጃቸው ዩቲዩብ እንደሚመለከት ተናግረዋል። ከእነዚሁም መካከል ከመቶ 46ቱ ልጁ ለዕድሜው የማይገባ ነገር እንዳጋጠመው ገልጸዋል።

ለመሆኑ ሥጋቱ ከምን ይመነጫል? የቴሌቪዥን የልጆች ዝግጅት በሰዓቱ ይጀምራል፤ በሰዓቱም ያልቃል። በዩቲዩብ ግን አንዱ ቪዲዮ ሲያበቃ ሌላው በራሱ ሊቀጥል ይችላል። ቀጣዩን የሚመርጠውም ወላጁ ሳይሆን፣ ተመልካቹ ምን እንዳየና ምን ያህል እንደቆየ የሚመዘግበው የኮምፒዩተር ሥርዓት ነው። እናት የከፈተችው የፊደል መዝሙር ቢሆንም፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልጁ የአሻንጉሊት ማስታወቂያ ሲያይ ልታገኘው ትችላለች።

ስለ ማስተማሩም ቢሆን ዕድሜ ይለያል። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከቪዲዮ ይልቅ ፊት ለፊት ከሚያጫውተው ሰው አብልጦ ይማራል፤ ሰው ይመልስለታልና። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2016 እ.ኤ.አ. ከ18 ወር በታች ላሉት ሕፃናት ቪዲዮ እንዳይታይ ሲመክር፣ በምስል መነጋገርን ግን አልከለከለም። ስለዚህ ሕፃኑ በሩቅ አገር ካለች አያቱ ጋር በስልክ ቢተያይ ከምክሩ አይወጣም። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ መክሯል፤ ቢያንስ ይመረጣል ብሏል።

አጠገቡ ተቀምጠው «ይህ ምንድን ነው?» እያሉ ከልጃቸው ጋር የሚመለከቱ ወላጆች አሉ። ሽንኩርት የምታቁላላዋ እናት ግን ስልኩን የሰጠችው ለመቀመጥ ጊዜ ስላጣች ነው። አጠገቡ እንድትቀመጡ የምትጠራው እናንተን ይሆናል።