ሰኞ ማክሰኞ ትምህርት ነው

በጊንጪና በዙሪያዋ ባሉ የደንዲ ቀበሌዎች ኦ ክፍል ለምታስተምሩ መምህራን።

ትንሽ ልጅ ረጅም ሰዓት አግዳሚ ላይ እንዲቀመጥ ሲገደድ ሐሳቡ ሁሉ ላለመነቃነቅ ይውላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ከ3 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 60 ደቂቃው ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ እንቅስቃሴ መሆን አለበት።

እስኪ የሰኞ ማክሰኞን ጨዋታ ልብ ብላችሁ እዩት። ልጅቷ ጠጠሯን ትወረውራለች፣ በአንድ እግሯ እንጣጥ ትላለች፣ መስመር ሳትረግጥ ታልፋለች፣ ሳትወድቅ ጎንበስ ብላ ጠጠሯን ታነሳለች። ሚዛን መጠበቅ፣ ርቀት መገመት፣ ተራ መጠበቅ፣ ሁሉም እዚያው አለ። ሳጥኖቹ ውስጥ ቁጥር ጻፉና አፏን በፈታችበት ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ" እያለች ትዝለል። ሰዲ ላይ ቆማ ሁለት ብትዘል የት እንደምታርፍ ጠይቋት። መደመር ጀመረች ማለት ነው!

ለጽሕፈትም ቢሆን ትከሻና ወገብ መጠንከር አለባቸው። መውጣት፣ መንጠልጠልና ኳስ መወርወር እርሳስ ለሚይዘው እጅ መደላድል ናቸው።

ሰኔ ላይ መረሬው ጭቃ ሆኖ ግቢው አላስኬድ ሲል ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ገፋ አድርጉና ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምሩ።

ወላጆችም አደራ፣ ልጃችሁ ሲመለስ ከደብተሩ በፊት ምን እንደተጫወተ ጠይቁት።