የሐፉን ሰባት ሰዓት

ቦሌ ሚካኤል ውስጥ ሽቶና ሽርጥ ከሚሸጡት የሶማሌ ሱቆች በአንዱ ደጃፍ ከዝናብ ተጠልዬ ሳለሁ፣ ባለሱቁን ሽማግሌ ትውልዳቸው ወዴት እንደ ሆነ ብጠይቃቸው «ሐፉን» አሉኝና፣ ስሙ እንግዳ እንደ ሆነብኝ ከፊቴ ተረድተው «ባሕር የበላት» ብለው ጨመሩልኝ። ሱናሚ በተነሣ ቍጥር ልባችን ወደ ሱማትራና ወደ ስሪላንካ እንጂ ወደ ጎረቤታችን ወደ ሶማሊያ እንደማይሄድ ያን ጊዜ አስተዋልሁ፤ ነገሩም ከዚያ ወዲህ ዕረፍት ነሣኝ።

ሐፉን ከአፍሪካ ምድር ሁሉ ወደ ምሥራቅ ርቆ በወጣው ልሳነ ምድር ላይ፣ በዝቅተኛ የአሸዋ ሰርጥ ከየብሱ ጋር የተያያዘች መንደር ናት። ስለ አዱሊስና ስለ ንጉሥ ዞስካሌስ የጻፈልን ያ ስሙ ያልታወቀ የግሪክ ነጋዴ፣ «ፔሪፕለስ» በተባለው የአንደኛው ምእት ዓመት መጽሐፉ ኦፖኔ ያላትን ወደብ ሊቃውንት ከዚህችው ከሐፉን ጋር አንድ ያደርጓታል፤ ቀረፋና የኤሊ ቅርፊት፣ ወደ ግብጽ የሚጋዙ ባሮችም ከዚያ ይጫኑ እንደ ነበር፣ ስንዴና ሩዝ፣ ቅቤና የሰሊጥ ዘይት የጫኑ የህንድ አሕማርም ወደዚያ ዳርቻ ይመላለሱ እንደ ነበር ይተርካል። ኢጣልያኖች በተራቸው ዳንቴ ብለው ሰይመው ታላቅ የጨው ማምረቻ ተከሉባት፤ እርሱንም የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አፈረሰው።

ቅቤና ሩዝ ባመጣው በዚያው ባሕር፣ በ1997 ዓ.ም. ታኅሣሥ 17 ቀን እሑድ፣ ልኩ 9.1 የሆነ ርእደ ምድር በሱማትራ ጠረፍ ያስነሣው ማዕበል 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ደረሰባት፤ በመካከሉም ሰባት ሰዓት ያህል አለፈ። ሰባት ሰዓት! በኬንያ ሹማምንቱ ወሬውን ሰምተው ሰዉን ከባሕሩ ዳር ሲያስወጡ፣ ሶማሊያ ግን ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ማዕከላዊ መንግሥት አጥታ፣ አዲሱ የሽግግር መንግሥቷም ገና ናይሮቢ ተቀምጦ ነበርና ነጋሪ አላገኘችም። በዚያ ዘመን ሥልጣን ላይ ከነበሩት አንዱን፣ በነዚያ ሰዓታት ማን ለማን ምን እንዳለ ብጠይቃቸው፣ ሻይ አዘዙልኝና ስለ አዲስ አበባ ብርድ ያወሩኝ ጀመር።

ሽማግሌው ግን አልሸሸጉኝም። «መጀመሪያ ባሕሩ ወደ ኋላ ሸሸ። ዓሣው በደረቅ አሸዋ ላይ ሲንፈራገጥ ልጆቹ ሊለቅሙ ሮጡ፤ እኛም አላህ የሰጠን ሲሳይ ነው ብለን ሳቅን። ኋላ የመጣው ግን ውሃ አይመስልም፤ ጥቁር ነው፣ ይጮኻል። ጀልባዬን ለሁለት ተሰንጥቃ ከቤቶቹ ጀርባ አገኘኋት፤ መረቤን ግን አላገኘሁትም። ልጄ፣ ጀልባ ይጠገናል፤ መረብ የሌለው ዓሣ አጥማጅ ግን ባሕር ዳር የተቀመጠ ለማኝ ነው።»

ከሐፉን እስከ ገርዓድ 650 ኪሎ ሜትር ያህል ዳርቻ ተመታ፤ የሞቱት 300 ያህል ሆነው ከሱማትራዋ ከአቼህ ቍጥር ጋር ሲነጻጸሩ ኢምንት መሰሉና፣ የዓለም ጆሮ ወዲያው ዘወር አለ። ሞቱን ብቻ የሚቈጥር ሰው ግን፣ ባሕሩ ከክረምቱ ነፋስ ተከፍቶ የዓመቱ ገቢ በሚሰበሰብበት ወራት ጀልባና መረብ መጥፋቱን፣ የጕድጓዱ ውሃ ጨው መሆኑን፣ የዓሣ አጥማጆቹ ዘመዶች ከብትም አስቀድሞ በአራት ዓመት ድርቅ ማለቁን አያይም። መንደሪቱ ከባሕሩ ራቅ ብላ እንደገና ተሠራች። ማዕበሉ የመርዛም ቆሻሻ መያዣዎችን ወደ ዳርቻው ጣለ ስለተባለው ወሬም የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በሚገባ እንዲመረመር ጠይቋል። ለህንድ ውቅያኖስም የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ተዘርግቷል፤ ማስጠንቀቂያውን ከዋና ከተማ እስከ ዳርቻው መንደር ማድረስ ግን የየመንግሥቱ ፈንታ ነው ተብሎ ተትቷል።